«ከእነሱ ነኝ» ብል ዋሸሁ ማለት ነው?

ደብዳቤው፦

«ባለቤቴ ከሌላ ሕዝብ ነው። ከተጋባን ጀምሮ፣ ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ፣ የምኖረው በእነሱ መካከል ነው። ቋንቋቸውን እናገራለሁ፤ አንዳንዴ ሕልሜን ሁሉ በቋንቋቸው አያለሁ። ልጆቼ እዚያው ተወለዱ። ለቅሷቸውም ሠርጋቸውም የእኔ ነው። ሰሞኑን ለዚህ ማኅበረሰብ ተወላጆች ብቻ የተመደበ የሙያ ሥልጠና ድጋፍ ወጣ። ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ከትምህርት ተገፍቶ ስለኖረ ነው የተመደበለት። ቅጹ ላይ "የማኅበረሰቡ አባል ነዎት?" የሚል ጥያቄ አለ። ባሌ "ከእኛ በላይ የእኛ ነሽ፤ አዎ ብለሽ ሙዪ" አለኝ። እህቱ ግን ሰው ፊት "ልጆችሽ አዎ፤ አንቺ ግን አይደለሽም" አለችኝ። ይሄኔ የባሌ የወንድም ልጅ ሙግት ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። "ሰው ሴት ነኝ ወይም ወንድ ነኝ ብሎ ተቀባይነት ካገኘ፣ አክስቴ የእናንተ ነኝ ብትል ምን ችግር አለው? ያቺ ጥቁር ነኝ ያለችው ነጭ አሜሪካዊትስ ለምን ተወገዘች?" አለ። እራቱ በጩኸት አለቀ። እህቱ ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። አዎ ብዬ ብሞላ ዋሸሁ ማለት ነው? ለልጁስ ምን ልበለው?» — መሐል ላይ የቀረሁት

ውድ እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ እናወራለን። ቅጹን «አዎ» ብለሽ አትሙዪ። ይህን የምልሽ ከባልሽ እህት ጋር ወግኜ አይደለም። ሰው ፊት እንደዚያ ማለቷ ደስ አይልም። ባልሽም ያለው ውሸት አይደለም። አሥር ዓመት አብራ ለቅሶ የተቀመጠች፣ ልጆቿን በቋንቋቸው የምትቆጣ ሴት እንዴት እንግዳ ትባላለች?

ቅጹ ግን ይህን አልጠየቀሽም። ድጋፉ የተመደበው ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው ከትምህርት ቤት በር ለተመለሱ ሰዎች ነው። ያንቺ አያቶች ከዚያ በር አልተመለሱም። በሌላ በር ተመልሰው ሊሆን ይችላል፤ እሱ የዚህ ቅጽ ጉዳይ አይደለም። ባልሽ የሚያወራው ስለ አብሮ መኖራችሁ ነው። ቅጹ የሚያወራው በአንድ ሕዝብ ላይ ስለደረሰ በደል ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ጥያቄ ይመስላሉ፤ ግራ ያጋባሽም እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ሙግት እንሂድ። በነገራችን ላይ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ትልልቅ ምሁራን ተጣልተውበታል።

ልጁ ያነሳት ሴት ሬቸል ዶልዛል ትባላለች። በዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖካን በሚባል ከተማ፣ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር የቅርንጫፍ ሊቀመንበር ነበረች። በ2015 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ነጭ ወላጆቿ ብቅ አሉና «ልጃችን ነጭ ናት» ብለው ተናገሩ። እሷ ደግሞ «ራሴን የማየው እንደ ጥቁር ነው» አለች። ወዲያው ከኃላፊነቷ ለቀቀች። ቀድሞ በወንድነት ብሩስ ጄነር በሚል ስም ትታወቅ የነበረችው የኦሊምፒክ አሸናፊ፣ ሴት ነኝ ብላ፣ ኬትሊን ጄነር ተብላ በመጽሔት ሽፋን የወጣችውም በዚያው ወር ነበር። ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ሰሞን ስለተገናኙ ልጁ የጠየቀውን ጥያቄ ያኔ ዓለም ሁሉ ጠየቀው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሬቤካ ቱቬል የምትባል የፍልስፍና መምህርት፣ ጾታ መለወጥን የሚደግፍ ክርክር ዘር መለወጥንም መደገፍ አለበት ስትል «ሃይፔሺያ» በሚባል የፍልስፍና መጽሔት ጻፈች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሁራን ጽሑፉ ይነሳ ብለው ፈረሙ። ከመጽሔቱ ሰዎች ገሚሶቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ዋና አዘጋጇ ግን አላነሳም አለች። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልተነሳም። እኔ በቱቬል መደምደሚያ አልስማማም። ፊርማ ማሰባሰቡ ግን አሳፍሮኛል። ሰው ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ይሰጠዋል እንጂ አፉ አይዘጋም። አንቺም ልጁን «ዝም በል» ብለሽው ከሆነ መልሰሽ አናግሪው።

እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ። ከዶልዛል ታሪክ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ሊቀመንበር ለመሆን ጥቁር መሆን አያስፈልጋትም ነበር። ማኅበሩ በ1909 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ነጮች ነበሩ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሙርፊልድ ስቶሪ ነጭ የሕግ ሰው ነበር። ማኅበሩ በ2015 ራሱ መግለጫ አውጥቶ ዘር ለአመራር መስፈርት አይደለም ብሏል። ሴትየዋ ያንኑ ሥራ፣ በዚያው ወንበር፣ ነጭ ነኝ እያለች መሥራት ትችል ነበር። እሷ ግን አንድ ጥቁር ሰው ፎቶ እያሳየች አባቴ ነው አለች። ይባስ ብሎ በ2002 የጥቁሮች መሆኑ የታወቀውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ነጭ በመሆኔ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብላ ከስሳ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። እንግዲህ ነጭነት ሲጠቅም ነጭ፣ ጥቁርነት ሲጠቅም ጥቁር። ስሜቷ እውነት ነበር ወይስ አልነበረም? እኔ ልብ አላነብም። ሰውን ያስቆጣው ግን ስሜቷ ብቻ አልነበረም።

ከእሷ ጎን ጆኒ ኦቲስን አስቀምጪ። በ1921 ከግሪክ ስደተኞች ተወልዶ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጥቁሮች ሰፈር አደገ። ገና በወጣትነቱ ኑሮዬ ከጥቁሮች ጋር ነው ብሎ ወሰነ። ጥቁር ሴት አገባ፤ ሙዚቃቸውን ተጫወተ፤ ለመብታቸው ተሟገተ፤ ሰባኪም ሆነ። በ2012 እስኪሞት ድረስ ከእነሱ አልተለየም። ግሪክነቱን ግን ደብቆ አያውቅም። ማንም መጥቶ «አጋለጥነው» አላለም፤ የሚጋለጥ ነገር አልነበረውም። ጥቁር ሙዚቀኞች እንደ ራሳቸው ሰው አዩት።

አንቺን የማይሽ እንደ ጆኒ ኦቲስ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከየት እንደመጣሽ ደብቀሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ እስካሁን አልዋሸሽም። ቅጹ ላይ «አዎ» ብትይ ግን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደበቅ ነገር ይኖርሻል። ቢሮ ሲጠሩሽ ስለ አያቶችሽ እንዳይጠይቁሽ ትፈሪያለሽ። ምንም ያላጠፋችውን ሴት ጥፋተኛ አታድርጊያት።

«መልክስ?» ሊልሽ ይችላል ልጁ። ዋልተር ዋይት የሚባል ሰው ነበር። ፀጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ። ያየው ሁሉ ነጭ ነው የሚለው። ቤተሰቡ ግን ከባርነት የወጣ ጥቁር ቤተሰብ ነው፤ ራሱንም ጥቁር ነኝ ይል ነበር። በነጭ መልኩ እየተጠቀመ ነጮች ጥቁሮችን በመንጋ የሚገድሉባቸውን ከተሞች ገብቶ ይመረምር ነበር። በኋላ እስከ 1955 ድረስ ያንኑ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒን መራ። መልኩ ነጭ፣ ማንነቱ ጥቁር፤ የሚተቹት ባይጠፉም ሕዝቡ እንደ ራሱ ሰው ተቀበለው። ለምን ቢባል፣ የተናገረው ከእሱ በፊት ስለነበሩ ሰዎች እውነት ስለነበረ ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዘር ስለ ወላጅ የሚነገር ነገር ነው። «ጥቁር ነኝ» ያለ ሰው ስለ አባቱና ስለ አያቱ፣ እነሱም ስለደረሰባቸው ነገር እየተናገረ ነው። ያ ደግሞ እውነት ወይም ውሸት ይሆናል። ጾታ እንደዚያ አይወረስም። በየቤቱ ከአንድ ማሕፀን ወንድም ሴትም ይወጣል። ትራንስጀንደር የሆነ፣ ማለትም ሲወለድ ከተመዘገበበት ጾታ ሌላ ነኝ የሚል ሰው፣ ስለ ራሱ እንጂ ስለ አያቱ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ አንዱን የተቀበለ ሌላውንም መቀበል አለበት፣ ወይም አንዱን የተወ ሌላውንም መተው አለበት የሚለው ሙግት ቶሎ ይሰበራል። ሁለቱ ጥያቄዎች የየራሳቸው መልስ ይፈልጋሉ።

ልጁ ብልህ ከሆነ ግን እዚህ ጋ ያፋጥጥሻል። «በአካል ደረጃ ካየነው እኮ በዘር መካከል ያለው ልዩነት በወንድና በሴት መካከል ካለው በጣም ያንሳል። ታዲያ ለምንድን ነው ትንሹን ልዩነት መሻገር ይበልጥ የሚያስኮንነው?» ይልሻል። ሮጀርስ ብሩቤከር የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ምሁርም ይህን ተቃርኖ አንስቶታል። እኔ የሚታየኝ፣ የዘር ድንበር የተሠራው ከአካል ሳይሆን ከትውልድ ሐረግ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ባርነት ከእናት ወደ ልጅ በሕግ ይወረስ ነበር። መሬትና ሀብትም እንዲሁ፤ መነፈጉም እንዲሁ። በሐረግ የመጣ በደል የሚካሰውም በሐረግ ነው። ልጁ በዚህ ላይረካ ይችላል። ይከራከር፤ ለዚህ አይደል ዩኒቨርሲቲ የገባው።

ስለ ጾታው ራሱ ብትጠይቂኝ፣ አገሮችም አልተስማሙም። አርጀንቲና በ2012 ሐኪምና ዳኛ ሳያስፈልግ ሰው በራሱ ቃል ብቻ መታወቂያው ላይ ያለውን ጾታ እንዲለውጥ ፈቀደች። ጀርመንም በ2024 እንደዚያ አደረገች። በብሪታንያ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 በእኩልነት ሕጉ ላይ ያለው «ሴት» የሚለው በተፈጥሮ ጾታ ሴት የሆነችውን ነው ብሎ ወሰነ። ያው ፍርድ ቤት ትራንስጀንደር ሰዎች በዚሁ ሕግ ከአድልዎ መጠበቃቸው እንዳልቀረ አብሮ ተናግሯል። የዓለም አትሌቲክስ በ2023 በወንድ የጉርምስና ዕድገት ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች የዓለም ውድድር አገደ። አንድ ሰው መታወቂያው ላይ ሴት ተብላ፣ ሩጫ ላይ ግን በሴቶች ምድብ ላትሮጥ ትችላለች። ይህን አይቶ «ወጥነት የለውም» የሚል አለ። ለእኔ ግን የሚገርም አይደለም። መታወቂያው የሚጠይቀው ሌላ፣ የሩጫው ሜዳ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የትኛው ውሳኔ ትክክል ነው በሚለው ሰው ገና ይከራከራል፤ እራት ጠረጴዛችሁ ላይም አያልቅም። ብቻ በሙግቱ መሐል የሚነሱት ሰዎች በሕይወት ያሉ፣ ምናልባትም ያንኑ ጠረጴዛ ከብበው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይህን ለልጁ ንገሪው። የአንቺን ጉዳይ ለማሸነፍ ብሎ በእነሱ መቀለድ የለበትም።

«ታዲያ ሰው ማንነቱን ሌላ ይወስንለት ማለትሽ ነው?» እንዳትዪኝ። እንደዚያ ያደረጉ መንግሥታት ምን እንደሠሩ እናውቃለን። ደቡብ አፍሪካ በ1950 እያንዳንዱን ሰው በዘር የሚመዘግብ ሕግ አወጣች። ፀጉር ውስጥ እርሳስ ይከቱና፣ ከወደቀ ነጭ፣ ከቀረ ሌላ ብለው የሚመድቡበት ጊዜ ነበር። ሳንድራ ላንግ የምትባል ልጅ በ1955 ከነጭ ወላጆች ተወለደች። ቆዳዋ ጠቆር፣ ፀጉሯ ከርደድ ያለ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆናት ከነጮች ትምህርት ቤት በፖሊስ ታጅባ ተባረረች፤ ምድቧም «ከለርድ» (ቅልቅል ዘር) ወደሚሉት ተለወጠ። ወላጆቿ ተሟገቱ። ሕጉ ተሻሽሎ ትውልድ ይታይ ሲባል እንደገና ነጭ ተባለች። አድጋ ከጥቁር ሰው ጋር ስትኖር ደግሞ ከልጆቼ እንዳይለዩኝ ብላ ወደ ከለርድ ልመለስ ብላ ጠየቀች። አንድ ሕይወት፣ ሦስት ጊዜ ምድብ። እሷ ማን ነኝ እንዳለች ማንም አልጠየቃትም።

ሰዎች «እኔ ራሴ ልናገር» ያሉት ከዚህ ሸሽተው ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ድሮ ቆጣሪው መልክ አይቶ ነበር ዘር የሚጽፈው። ሰው ራሱ መሙላት የጀመረው ከ1960 ወዲህ ነው፤ ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ የተፈቀደው ደግሞ በ2000። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ለቆጠራ ራስሽ ብትናገሪ ማንንም አትጎጂም። ውስን ቦታ ሲከፋፈል ግን ያንቺ «አዎ» የሌላ ሰው «አይ» ይሆናል።

በዚህ ላይ ብራዚል የሄደችበት መንገድ ይስበኛል። በ2012 በፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁሮችና ለቅልቅሎች ኮታ በሕግ አወጣች። መጀመሪያ የተማሪው ቃል ይበቃ ነበር። ያለ ቦታቸው የገቡ ነጮች በዙ የሚል አቤቱታ ሲመጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የሚያየው አያትን ሳይሆን መልክን ነው። እዚያ አገር አድልዎ የሚመጣው በመልክ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በቼሮኪዎች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። በ2018 አሜሪካዊቷ ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን የዲ ኤን ኤ ምርመራ አድርጋ ከሩቅ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ደም አለኝ ስትል፣ የቼሮኪ ብሔር ባለሥልጣን ምርመራው ለዜግነት ምንም አይጠቅምም አለ። እነሱ የሚጠይቁት በድሮው መዝገብ ላይ የሰፈረ ቅድመ አያት አለሽ ወይ የሚለውን ነው። መልክም፣ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ የቤተሰብ ወሬም፣ ላቦራቶሪም አይደለም። ዋረን በኋላ ይቅርታ ጠየቀች። በዚያው መዝገብ ላይ ግን ቼሮኪዎች በባርነት ይዘዋቸው የነበሩ ጥቁሮች ስም አለ፤ ልጅ ልጆቻቸው ብዙ ተከራክረው በ2017 በፍርድ ቤት ዜግነታቸው ጸናላቸው። የቼሮኪ ደም ይኑራቸው አይኑራቸው አልተጠየቀም። አየሽ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ በሩን የሚከፍተው በራሱ ምክንያት ነው።

አንቺ የገባሽበት ሕዝብስ? ባህል ከዘር ይልቅ በሩ ሰፊ ነው። ይማሩታል፣ ይኖሩበታል፣ ልጅ ያሳድጉበታል። ሩትን አስቢ። አማቷን ሕዝብሽ ሕዝቤ ነው ብላ ተከተለቻት። ያገባት ሰው በአደባባይ፣ በሽማግሌዎች ፊት ተቀበላት፤ የዳዊት ቅድመ አያት ሆነች። እንዲያም ሆኖ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ሞዓባዊቱ እያለ ነው የሚጠራት። ከየት እንደመጣች እየታወቀ ነው የተቀበሏት። ለእኔ ይህ ካንቺ ጉዳይ ጋር ከሁሉም በላይ ይቀራረባል። ከሞዓብ አይደለሁም ማለት አላስፈለጋትም።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። ቅጹን ያወጣው ቢሮ ጋ ሂጂና በትዳር የገቡ ሰዎች ይፈቀድላቸው እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ። አንዳንድ ማኅበረሰቦች ይፈቅዳሉ፤ ወስነውበት ያውቃሉ። ይቻላል ካሉሽ፣ በጽሑፍ ይስጡሽና በትዳር የገባሁ ነኝ ብለሽ ሙዪ። አይቻልም ካሉሽ በቃ፤ ሌላ ሥልጠና ፈልጊ። ባልሽ ይናደድ ይሆናል። «ከእናንተ መሆኔን ለማረጋገጥ የእናንተን ቦታ መውሰድ አልፈልግም» በዪው። ይገባዋል። ልጆችሽ ግን መብታቸው ነው፤ ሲደርሱ ይሙሉ።

የባልሽን እህት በተመለከተ። አነጋገሯ ክፉ ነበር፤ ከጀርባው ያለው ግን ይገባኛል። እሷ ራሷ ከዚያ ትምህርት ቤት በር የተመለሰች ልትሆን ትችላለች። ወይም እናቷ። ዘመኗን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር በመጨረሻ ሲመጣ፣ ሌላ ሰው እጁን ሲዘረጋ አይታ ደነገጠች። ይህ አንቺን እንግዳ ነሽ ከማለት ጋር አንድ አይደለም፤ እሷም ለሁለት መክፈል አልቻለችም። ስለዚህ ልጁንም ባልሽንም አታስከትዪ። ብቻሽን ሂጂ። ቅጹን አዎ ብለሽ እንዳልሞላሽ መጀመሪያ ንገሪያት፤ ይህን ሳትሰማ ሌላውን አትሰማሽም። ከዚያ ሰው ፊት የተናገረችሽ እንደጎዳሽ ሳታለሳልሺ ንገሪያት። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቂያትና ስትናገር ዝም ብለሽ አድምጪ። አሥር ዓመት አብረሽ ኖረሽ ይህን ጠይቀሻት የማታውቂ ከሆነ፣ ከቅጹም ከሙግቱም በፊት መደረግ የነበረበት እሱ ነው።